ሦስት ዓመት ከሁለት ወር፦ ለትምህርት ቤት ደርሳለች ወይስ ገና ነች?

ነሐሴ ሲጋመስ የምዝገባ ወሬ ይጦፋል። እኔ ያለሁበት የጎጃም ወላጆች የኢንተርኔት መድረክም ከዚህ አያመልጥም። ሌላ ጊዜ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ መብራት መጥፋት የሚወራበት ቦታ በአንድ ሳምንት የአፀደ ሕፃናት ገበያ ይሆናል። ሰሞኑን የተከፈተ አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደረው ውይይት፣ 28 መልስ አስከትሏል። ጉዳዩ ብዙ ቤት ያለ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ላውጋችሁ። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ።

ክሩን የከፈተችው የደብረ ማርቆስ እናት ነች። ባንክ ትሠራለች። ባሏ የሚሠራው ባሕር ዳር ስለሆነ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ልጇን እስካሁን የያዙላት አማቷ ነበሩ፤ እሳቸው አሁን ደብረ ኤልያስ ወዳለው ቤታቸው ተመልሰዋል። የቤት ሠራተኛ ብትቀጥርም አንዷም አልበረከተችላትም። ስለዚህ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር የሆናትን ልጅ ነርሰሪ ለማስገባት አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄደች። እዚያም አንድ ገጽ ደንብ ሰጧት። ልጁ ከዳይፐር የወጣ ይሁን። የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ኮፒ ይቅረብ። የዓመቱ ክፍያ በሁለት ጊዜ ይጠናቀቅ፣ የተከፈለ አይመለስም። ወላጅ በር ላይ አስረክቦ ይመለስ፣ ክፍል ድረስ አይገባም። መግቢያ 2 ሰዓት፣ መውጫ 9 ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ የዘገየ በየግማሽ ሰዓቱ ይከፍላል። እሷ ደግሞ ከሥራ የምትወጣው 11 ሰዓት ነው።

ልጅቷ ቀን ቀን ፖፖ ላይ ትቀመጣለች፤ ጨዋታ ከያዛት ግን ያመልጣታል። የእናትየዋ ጥያቄ ሦስት ነበር። ልጄ ገና ነች ወይ? ዳይፐሩን በአንድ ወር ማስጣል ይቻላል? አልቅሳ አልለምድ ብትልስ ገንዘቤ ቀልጦ ሊቀር ነው?

የመጀመሪያው መልስ ከአንዲት የፍኖተ ሰላም እናት መጣ። ሳታመነቺ አስገቢያት የሚል ነው። የእሷ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ላይ ገብቶ ዛሬ እንግሊዝኛ እንደሚያወራ ጨምራለች። ሁለተኛው መልስ ተቃራኒው ነው። የቡሬ አባት ናቸው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርገው ነገር እንደሌለ፣ ይሄ ሁሉ ሳይቸግር ጤፍ ብድር መሆኑን ጻፉ። እሳቸው ሰባት ዓመት እስኪሆናቸው ጥጃ ሲጠብቁ እንደኖሩና ምንም እንዳልጎደላቸውም አከሉ። ሦስተኛው መላሽ ማርቆስ ከተማ መሀል የሚጠበቅ ጥጃ ካለ አድራሻውን ቢጠቁሟት ብሎ ቀለደ። ሃያ ሰው ሳቀ።

ቁም ነገሩ የተጀመረው አራተኛው ላይ ነው። ጸሐፊዋ ባሕር ዳር ያለች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነች። በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እንዳደረገው፣ ዕድሜውም አምስትና ስድስት ዓመት መሆኑን አስረዳች። አንደኛ ክፍል በሰባት ዓመት ይጀመራል። ከዚያ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። የቡሬው አባት ስለ ሰባት ዓመት የተናገሩት ለአንደኛ ክፍል እንጂ ለአፀደ ሕፃናት እንደማይሆን በትሕትና አረመቻቸው። የፍኖተ ሰላሟን እናት ግን ብዙም አልራራችላትም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ እንግሊዝኛ አወራ ማለት ቀለምና እንስሳ በቃሉ ሸመደደ ማለት እንደሆነ፣ ያ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲደርስ በአማርኛ ታሪክ መንገር አቅቶት ብዙ ጊዜ እንደምታየው ጻፈች።

አምስተኛው የመምህርቷን መልስ ለማሟላት የገባ ወጣት ነው። መንግሥት ለትንንሽ ልጆች ማሰብ የጀመረው በ2015 ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰ። በ2002 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ማዕቀፍ ነበር። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የተከፈተው ዜሮ ክፍል፣ ብዙዎቻችን ኦ ክፍል የምንለው፣ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ከእሱ ጋር ከፍ ያሉ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ሕፃናት እያጫወቱ የሚያስተምሩበት ልጅ ለልጅ የሚባል ፕሮግራምም ነበር። መላሹ ራሱ ተማሪ ሳለ ከዋርካ ሥር አምስት ሕፃናት ሰብስቦ በጠጠር ያስቆጥር እንደነበር አጫወተን። ከአምስቱ አንዷ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደተፈተነች ሲጽፍ ኩራቱ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። የሦስት ዓመት ልጅ በፖሊሲው ውስጥ የለችም። ታዲያ ነርሰሪ የምናስገባት ለምንድን ነው? ሥራ ስላለን ነው። የሚይዝልን ሰው ስለሌለ ነው። ይሄ ነውር የለውም፣ ግን በግልጽ እንነጋገርበት። የምንከፍለው ለማዋያ ከሆነ የማዋያ ጥያቄ ነው መጠየቅ ያለብን፦ ማን ያጥባታል? ማን ያስተኛታል? ብትታመም ማን ይደውልልኛል? እኛ ግን ምዝገባ ላይ ቆመን የምንጠይቀው በዓመቱ መጨረሻ ስንት ፊደል ታውቃለች እያልን ነው። ትምህርት ቤቱም የጠየቅነውን ይሸጥልናል።

ስድስተኛው መልስ ከሁሉም የጠቀመው ይመስለኛል። የሦስት ልጆች እናት ከደጀን ነች። ቀን ቀን ዳይፐሩን ሙሉ በሙሉ አውጥታ በቀላሉ የሚወርድ ሱሪ እንድታለብሳት፣ ስትነቃ፣ ከበላች በኋላና ከመውጣታቸው በፊት ፖፖ ላይ እንድታስቀምጣት፣ ሲያመልጣት እንዳትቆጣት መከረቻት። የሌሊቱ ነገር እንዳያስጨንቃት፣ እስከ አምስት ዓመት ሌሊት የሚያመልጠው ልጅ ብዙ መሆኑን ነገረቻት። ከዚያ ማንም ያላሰበውን አነሳች። የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት አይተሻል ወይ አለቻት። የደጀኗ እናት ሁለተኛ ልጅ ከዳይፐር ከወጣ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ ግን ሱሪውን እያረጠበ መምጣት ጀመረ። እናትየዋ ቆጣች፣ መምህርቷም ቆጣች። በኋላ ሄዳ ስታይ ሽንት ቤቱ ለአዋቂ የተሠራ ነው። ቀዳዳው ሰፊ፣ ውስጡ ጨለማ፣ በሩ ከባድ። ልጁ እገባበታለሁ ብሎ ፈርቶ ነው ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚውለው። በር ላይ አስረክባችሁ ተመለሱ የሚለውን ደንብ እኔ የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። በትምህርት ሰዓት ወላጅ ክፍል አይግባ ቢሉ ይገባኛል። ከምዝገባ በፊት ግን ሽንት ቤቱን፣ የእጅ መታጠቢያውንና የመኝታ ክፍሉን ያላሳየ ትምህርት ቤት ገንዘብ አይገባውም።

የማርቆሷ እናት ሰባተኛ ላይ ተመልሳ ይሄንን ጭራሽ እንዳላሰበችው፣ በማግሥቱ ሄዳ እንደምታይ ጽፋ አመሰገነች።

ስምንተኛው ራሱ አፀደ ሕፃናት ያለው ሰው ነው። ጨዋ አገባብ ነው የገባው። የዳይፐሩ ደንብ ከክፋት እንዳልመጣ አስረዳ። አንዲት ሞግዚት አንዱን ልጅ ልታጥብ ስትወጣ ሌሎቹ ያለ ተመልካች ይቀራሉ። ገንዘብ የማይመለሰውም መምህር የሚቀጠረው ለዓመት፣ ቤት ኪራዩም የሚከፈለው ለዓመት ስለሆነ ነው አለ። ዘጠነኛው መላሽ አልማረውም። ለሦስት ዓመት ልጅ አምስት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የምትሸጡትም ለቤት ኪራዩ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ልጁ ቦርሳውን መሸከም ስለማይችል ቦርሳ ተሸካሚው አባት እንደሆነም አማረረ። አሥረኛው ጭራሽ ነጋዴ፣ ጨካኝ፣ እያለ ስድብ ውስጥ ገባ። አሥራ አንደኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለት መስመር ስድብ አጥፍቶ ወደ ጥያቄው እንዲመለሱ አዘዘ።

በእኔ ሚዛን ባለቤትየው ስለ ዳይፐሩ ልክ ነው። ስለ ክፍያው ግን አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ መልመድ አለመልመዷ ሳይገባ አይታወቅም። ያንን አደጋ ለብቻው ወላጅ ላይ መጫን ምን የሚሉት ነው? ቢያንስ የመጀመሪያው ወር ለብቻው ይከፈል።

አሥራ ሁለተኛው ስለ ሕመም ነው። ጸሐፊው ዳንግላ የሚሠራ የጤና መኮንን ነው። የክትባት ካርዱን የሚጠይቁት ለወግ እንዳልሆነ፣ በተለይ የኩፍኙን እንዲያዩ አሳሰበ። ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው የተጀመረው በ2011 ስለሆነ የታላላቆቻቸው ካርድ ላይ ባይኖር አትደንግጡ አለ። ከዚያ እኔ ማቀዝቀዣዬ ላይ የለጠፍኩትን ዝርዝር ጻፈ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ያለ መድኃኒት አንድ ሙሉ ቀን ሳያተኩሰው ካልዋለ አይላክ። ጉድፍ የወጣበት ውኃ የቋጠረው ሁሉ እስኪደርቅ ቤት ይቆይ። ኩፍኝ ከሆነ ሽፍታው ከታየ በኋላ አራት ቀን። ተቅማጥ ከሆነ አንዱን ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከጤና ጣቢያ ዚንክ መቀበል። በመጨረሻ የምሳ ዕቃውን አነሳ። ለመክሰስ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ የሚቋጥሩ እናቶችን ለመናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይ ትን ሊል፣ አየር ሊዘጋ ይችላል። ቆሎ የማይጠፋበት አገር ይሄ ምክር ሊያስቅ ይችላል፤ እየሮጠ የሚበላ የሦስት ዓመት ልጅ ያየ ግን አይስቅም።

አሥራ ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ የሚታመመው እንጥሉ ስለወረደ መሆኑን፣ ሳይገባ አስቀድሞ ማስቆረጥ እንደሚሻል መከሩ። የጤና መኮንኑ እስከዚያ ድረስ ለስላሳ ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ ግን ተቆጣ። እንጥል ተቆርጦ ደም አልቆም ያለውን ልጅ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ምክር እዚህ እንደማይጽፍ፣ በአንድ ምላጭ ስንት በሽታ እንደሚተላለፍ፣ የወተት ጥርስ መንቀልም እንዲሁ ጉዳት ብቻ መሆኑን በቁጣ ዘረዘረ። ሽማግሌው ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ የሚል ስሜት ያለው አጭር ነገር ሊመልሱ ሞክረው ነበር መሰለኝ፣ ጽሑፉ ተነስቷል። መኮንኑ ለአባት የማይገባ ቃና ነው የተጠቀመው ያሉ አሉ። እኔ ግን ከእሱ ጋር ነኝ።

አሥራ አምስት ላይ የማርቆሷ እናት ያየችውን ይዛ መጣች። ሽንት ቤቱ የደጀኗ እናት የፈራችው ዓይነት ነው፤ ሆኖም በአንዱ ክፍል ጥግ ፖፖዎች ተደርድረዋል። ሞግዚቷ ልጆቹን በስም ታውቃቸዋለች። ክፍሉ ውስጥ 34 ልጅ፣ አንድ መምህርትና አንድ ሞግዚት አሉ። ስለሚያለቅስ ልጅ ስትጠይቅ ሦስት ቀን አልቅሶ ይተወዋል አሏት። ይሄኛው መልስ አልተዋጠላትም።

አሥራ ስድስተኛዋ መላሽ ራሷ የደረሰባትን ጻፈች። በመጀመሪያው ቀን ልጇን ከረሜላ ገዝቼ መጣሁ ብላ ሸውዳ ሄደች። ልጁ ትምህርት ቤቱን ከጊዜ በኋላ ለመደ። ያልለመደው ሌላ ነገር ነው፤ እናቱ ሱቅ እንኳ ልትወጣ ነጠላ ስታነሳ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። አሥራ ሰባተኛው ከዚህ ተነስቶ፣ ተሰናብቶ መሄድ እንደሚሻል፣ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ቢሆን፣ ከቤት የለመደችው ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት ቢሰጣት እንደሚረዳ ጻፈ። የምትመጪበትን በሰዓት አትንገሪያት፣ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ እመጣለሁ በያት ማለቱ ደስ ብሎኛል። የሦስት ዓመት ልጅ 9 ሰዓት ተኩል ምኗ ነው?

ከ18 እስከ 20 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዷ በረቡዕና ዓርብ የምሳ ዕቃ ውስጥ እንቁላል የተገኘበትን ልጅ መምህርቷ እንዳሳፈረችው አወራች። ሌላው ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም እንደሌለበት አስታወሰ። ሦስተኛዋ ሙስሊም እናት ነች፤ የእሷን ልጅ ሳህን ማን ሊቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መላሽ ግን አላገኘም። 21ኛው በጾሙ መሀል ገብቶ የልደት ወረቀት ለሌለው ልጅ ምን ይደረጋል ብሎ፣ ራሱ መለሰው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ መመዝገብ አለበት፤ ጊዜው ያለፈበትም መመዝገብ ስለሚችል እስከ መስከረም አትጠብቁ አለ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቀበሌውን ሰልፍ ያየ ይረዳዋል።

22ኛው መልስ ሲመጣ ጨዋታው ቆመ። ጸሐፊው ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። እናንተ ስለ ፖፖ ትጨቃጨቃላችሁ፣ የኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍልን በዓይኑ አላየም የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ሲከፈት ሲዘጋ፣ ከዚያ ጭራሽ ተዘግቶ ቀረ። ልጁን የያዙለት የኔታ ናቸው። ፊደሉን ከነዘሩ፣ 231ዱንም፣ ለይቷል። አቡጊዳውን ጨርሶ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው። ቁጥር መደመር ግን አያውቅም። ነገ ትምህርት ቤቱ ቢከፈት ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ይቀመጣል ወይ? ያፍር ይሆን? ብዙ ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም።

መምህርቷ 23ኛ ላይ መለሰችለት። ልጁ እያነበበ ከሆነ ትልቁ ሥራ እንዳለቀ፣ ቁጥሩን በባቄላና በገበጣ ቤት ውስጥ መጀመር እንደሚቻል ነገረችው። ዕድሜያቸው ላለፈ ልጆች የተፋጠነ ትምህርት በአካባቢው ካለ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቅ፣ ከሌለም አንደኛ ክፍል ከማስገባት እንዳይሸሽ ለመነችው። አሥር ዓመት ሆኗቸው ጀምረው ጎበዝ የወጡ ልጆች እንዳስተማረች ጨመረች።

24ኛው የኔታ የሚለውን ቃል ሲያይ ትዝታው ተነሳበት። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ያፈሩት ሊቅ ሁሉ በአለንጋ የተማረ መሆኑን፣ የዛሬ ልጅ የጠፋው ዱላ ስለጠፋ መሆኑን ጻፈ። 25 ላይ መምህርቷ መለሰች፣ በዚህ ጊዜ ቃናዋ ጠንከር ብሏል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን እንደሚደነግግ ጠቅሳ፣ ሊቁ የወጣው በየኔታ ትዕግሥት ነው ወይስ በአለንጋው፣ ከአለንጋው ሸሽተው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው ብላ ጠየቀችው። አልመለሰም።

26ኛዋ የእንጅባራ እናት ነች። ልጇ ከአያቱ ጋር የሚያወራው በአውኚ ነው። መንግሥት ትምህርት ቤት ቢገባ በአውኚ ይማራል። ግል ያስገባችው ጊዜ ግን አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ቀን ወረደበት፣ ሁለት ወር ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። መምህርቷ ልጁ የመናገር ችግር አለበት ብላ ነበር። ችግር እንደሌለበት የታወቀው አያቱ ሊወስዱት የመጡ ቀን ነው፤ በሩ ላይ ሆኖ የቀኑን ወሬ ሁሉ ዘረገፈላቸው።

27ኛው ጥያቄውን ወደ ቦታው መለሰው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ በአዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እስከ አምስት ዓመት ልጁ የት ይዋል? ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ወጥቶ የነበረው አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ይል ነበር። ባንኮችስ? ሦስት መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንድ ክፍልና ሁለት ሞግዚት ቢመድብ ምን ይጎዳዋል? ከ28ቱ ሁሉ ነገሩን በትክክል የጨበጠው ይሄ ሰው ነው። የሚገርመው ያገኘው ምላሽ ሁለት አውራ ጣት ብቻ ነው።

28ኛው የማርቆሷ እናት ነች። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግራ የመጀመሪያውን ወር ለብቻው ልትከፍል ተስማምተዋል። ልጅቷ መስከረምን እስከ 6 ሰዓት ብቻ ትውላለች። የአማቷ እህት ልጅ ከደብረ ኤልያስ መጥታ ከሰዓቱን ትይዛታለች። ዳይፐሩን ቀን ቀን ጥላለች፣ እስካሁን በሳምንት አንዴ ብቻ አምልጧታል። የቀራት 6 ሰዓት ላይ የሚመልስላት የባጃጅ ኮንትራት ነው፤ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁማት ጠየቀች።

እስካሁን የጠቆማት የለም። ብታገኝም ከመስማማቷ በፊት ስንት ልጅ እንደሚጭን ትጠይቀው። ባጃጅ ሦስት ሰው የሚይዝ ተሽከርካሪ ነው። ጠዋት ጠዋት ማርቆስ ውስጥ ስምንት ልጅ፣ ሁለቱን ከሾፌሩ ጎን አድርጎ የሚበር አያለሁ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ላይ ስለዚህ አንድም መስመር የለም።